አገዳውን ያቀፈ ቅጠል

የልጅ ልጄ ማሂማ ከቆላ ከተሞች የሚመጡትን ተራራ ወጪዎች እየመራች መንገድ ታሳያለች። ባለፈው ሰሞን ከላይኛው መስክ ላይ ሆና በስልክ ሁለት ፎቶ ላከችልኝ። ጎን ለጎን ሁለት አበባ። «አያቴ፣ እነዚህ ሰዎች እየጠየቁኝ ነው። የቱ ነው አቲስ? የቱ ነው ጣፋጩ? ቶሎ በይ፣ ኔትወርኩ ሳይሄድ!» ትላለች።

መነጽሬን አደረግሁና አየሁት። ሁለቱም ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው ያወረዱ ሙሽሮች ይመስላሉ። ጭጋጉ ቀለሙን አደብዝዞታል። «ልጄ፣ አበባውን ተይው። ዝቅ ብለሽ ቅጠሉ አገዳው ላይ የተቀጠለበትን አንሺልኝ» ብዬ ጻፍኩላት። እሷ ደግሞ «አበባው እያለ ቅጠል?» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ኔትወርኩ ሄደ።

እስቲ ተቀመጡ። ለእሷ በስልክ ያልጨረስኩትን ለእናንተ ልጨርሰው።

አቲስ ሥሩ መራራ ነው። ሕፃን ሲያተኩሰው፣ ሲያስቀምጠው፣ እናቶቻችን ድንጋይ ላይ አሽተው በጡታቸው ወተት ጠብ ያደርጉለታል። ጣፋጩ የምንለው ሌላው ደግሞ መጀመሪያ ምላስ ላይ ይጣፍጣል፣ ከዚያ ያደነዝዛል፣ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚሆን ቀምሶ የነገረን ሰው የለም። የሚያስቸግረው ሁለቱ እዚያው አንድ ተዳፋት ላይ ትከሻ ለትከሻ መብቀላቸው ነው። በአበባቸው ጊዜ የአቲስ አረንጓዴ ሆኖ እንደ ደም ሥር ያለ ወይን ጠጅ መስመር አለበት፤ የጣፋጩ ሰማያዊ ነው። ሥራቸው ግን አፈር እንደለበሰ ዘንቢል ውስጥ ከተቀላቀለ፣ ደርቆም ከተጨማደደ፣ እንኳን ሌላው የቆፈረውም አይለየውም።

ስለዚህ በእኛ መንደር ሰው ዝም ብሎ አይቆፍርም። የተራራችን አምላክ የእናታችን የናንዳ በዓል ሳይደርስ መስኩ ላይ ዶማ አይነሳም። ዘሩ ይብሰል ነው ነገሩ፤ ሥሩን የነቀለ ሰው ዘሩን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ አራግፎ አፈር ይመልስበታል። በበዓሉ ማግስት ደግሞ አንዲት ሴት ከፊት ትሄዳለች። የአቲሱን ጫፍ በጣቷ ቀጨት እያደረገች ታልፋለች፣ ቆፋሪዎቹ ከኋላ ይከተላሉ። እሷ ያልቀነጠሰችውን ማንም አይነካም።

በልጅነቴ ከፊት የምትሄደው የአባቴ እህት ባቹሊ ነበረች። እኛ ዘንድ የአባት እህት ፉፉ ትባላለች፣ እኔም ሌላ ስም ጠርቼላት አላውቅም። አባቴ ከጭነት በጎቹ ጋር በየተራራው መተላለፊያ ስለሚውል፣ እናቴም ከሽመናዋ ቀና ስለማትል፣ እኔ ያደግሁት በፉፉ ጀርባ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሱፍና ጭስ ትሸታለች። ስትስቅ ትከሻዋ ይስቃል፣ ድምፅ የለውም።

ዓይኗን ሞራ እንደጋረደው ያወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ቀን የጨው ሻይ ስትቀዳልኝ ከኩባያው አጠገብ ምንጣፉ ላይ አንቆረቆረችው።

«ፉፉ! ምንጣፉን እያጠጣሽው ነው!»

«እሱም ጠምቶት ይሆናላ» አለች። ትንሽ ቆይታ ግን እጄን ያዘች። «ሩክማ፣ ይሄ በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር። ካልያን ከሰማ ያወርደኛል።»

ካልያን አንድ ልጇ ነው። ደህራዱን ከተማ ውስጥ መኪና ይነዳል፣ ሚስት አግብቷል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ደግነቱ ነው ያስፈራን የነበረው። በየዓመቱ ለበዓል እየመጣ «እማ፣ እኔ ጋ ሐኪም አለ፣ ውረጂ» ይላታል። እኔ ደግሞ አንድ ነገር አውቅ ነበር። ወደ ቆላ የሚወርዱ አሮጊቶች «ለሐኪም ነው፣ እመለሳለሁ» ብለው ነው የሚወርዱት። ከዚያ የልጅ ልጅ ይወለዳል፣ ጉልበት ይደክማል፣ መንገዱ ይርቃል። ተመልሳ ስትወጣ ያየኋት አንድም አልነበረችም። ፉፉን ደግሞ ለማንም ልሰጣት አልፈልግም ነበር፤ ለሐኪምም ቢሆን።

ስለዚህ መላ ነበረን። መስኩ ላይ እሷ ከፊት ትሄዳለች፣ እኔ የሻሿን ጫፍ ይዤ ከጎኗ። አንዷ አበባ ዘንድ ስንደርስ ፉፉ ዝቅ ትልና ቀስ ብላ ትጠይቀኛለች።

«ይቺኛዋ ምን ለብሳለች?»

«አረንጓዴ፣ ፉፉ።»

ቀጨት። ቀጥሎ ወደ ሌላዋ።

«ይቺስ?»

«ሰማያዊ።»

«ትለፍ፣ መንገዷን አንዝጋባት።»

እናንተ መስኩን አታውቁትም እንጂ እዚያ ላይ በዓይን የማይታዩ የተራራው ልጃገረዶች አሉ ይባላል። ደማቅ ልብስ የለበሰ፣ ያፏጨ፣ በጫማ የረገጠ ሰው ካዩ ይወስዱታል። ከኋላ የሚመጡት ሴቶች ፉፉ «ምን ለብሳለች?» ስትል ሲሰሙ ከእነዚያ ጋር የምታወራ መሰላቸው። ጃሞትሪ የምትባል ምላሷ የሰላ ጎረቤታችን ነበረች፤ እሷ እንኳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዝም በሉ እናንተ፣ ባቹሊ ከልጃገረዶቹ ጋር ናት» ስትል ሰምቻታለሁ። ማንም ተጠግቶ ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀንም። እኔም ልቤ በኩራት ያብጥ ነበር። የፉፉ ዓይን እኔ ነኝ እያልኩ።

ከዚያ ትርፍ ወር የገባበት ዓመት መጣ።

የጨረቃ ዓመታችን ከፀሐይዋ ስለሚያጥር በየጥቂት ዓመቱ አንድ ወር ይጨመራል። በዚያ ዓመት በዓሉ ይገፋል። ሰማዩ ግን ወር ተጨመረ ብሎ አይጠብቅም፤ ውርጩ በቀኑ ይመጣል። ጃሞትሪ ቀድማ ታይቷት «እናንተዬ፣ በዓሉ እስኪደርስ አበባው ያልቃል፣ ዘንድሮ ቀደም ብለን እንውጣ» ብላ ነበር። ሽማግሌዎቹ አፏን አስያዟት። እናታችን ሳትበላ እኛ እንብላ ወይ አሏት። ተጠበቀ።

ካልያን በዋዜማው መጣ። ከሰዓት በኋላ ፉፉ ጣሪያው ላይ ያሰጣችውን አተር ትለቅማለች፣ እኔ ከድርቆሹ ክምር ኋላ ተኝቻለሁ። ካልያን አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ እጆቿን ሲያይ ቆየ።

«እማ።»

«አቤት።»

«ጠጠሩን ወደ ሰሃኑ፣ አተሩን ወደ ውጭ እየጣልሽ ነው።»

ፉፉ እጇ ቆመ። «የምበላው እኔ፣ አንተን ምን ቸገረህ?»

«እማ፣ አትቀልጂብኝ። የዓይን ሐኪሙ እንዲህ አድርጎ ሞራውን ያነሳዋል። ስንቱን ሲያነሳ አይቻለሁ። ልጄ ሊወለድ ነው፣ ፊቱን ሳታዪው ልትቀሪ ነው?»

ዶሮዎቹ የተጣለውን አተር ይለቅማሉ። ከዚያ «እሺ» ስትል ሰማሁ።

«እሺ፣ ግን በአንድ ነገር። ከፊት የሚሄድ ሰው ሳልተካ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። የሰው ልጅ አስፈጅቼ አልሄድም። ሩክማ በእጇ ያወቀች ቀን እወርዳለሁ።»

«በእጇ?»

«በእጇ።»

በእጇ የሚለው አልገባኝም። የገባኝ ሌላው ነው። እኔ ያወቅሁ ቀን እሷ ትሄዳለች።

በበዓሉ ማግስት ጠዋት ወጣን። መስኩ መግቢያ ላይ ካለው ድንጋይ ዘንድ ጫማችንን አወለቅን። ካልያን የከተማ ጫማውን ክር ሲፈታ ሴቶቹ ሁሉ ቆመው ጠበቁት።

«ፍታው እንጂ የእኔ ጌታ» አለች ጃሞትሪ፣ «ሌላ ትርፍ ወር ሳይገባብን!»

ሳቁ ሳያልቅ ሽቅብ ወጥተን መስኩን ስናየው ሁሉም ባለበት ቆመ። አንድም አበባ የለም። ውርጩ ጠርጎታል። ተዳፋቱ ሙሉ ቡናማ አገዳ ነው፤ ጫፉ ላይ የደረቀ የዘር ከረጢት፣ ጎኑ ላይ የተጨማደደ ቅጠል። የቱ አቲስ፣ የቱ ጣፋጩ? ሁሉም አንድ ዓይነት ሙሽራ፣ ሁሉም ሻሿን የጣለች።

«ብያችሁ ነበር» አለች ጃሞትሪ፣ ግን በቀስታ ነው ያለችው። ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። በረዶው ያለ መድኃኒት ሊገባብን ነው ማለት ነበር።

ፉፉ የሻሿን ጫፍ ሰጠችኝና ሄደች። የመጀመሪያዋ ዘንድ ዝቅ አለች።

«ይቺኛዋ ምን ለብሳለች?»

ካልያን ከኋላችን ነው። «ፉፉ...» አልኩ በሹክሹክታ፣ «ራቁቷን ናት።»

ትከሻዋ ሳቀ። «ወግ ነው! በዚህ ብርድ?» አለችና እጇን ወደ አገዳው ሰደደች። ጣቶቿ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብለው ወጡ፣ ቅጠሉ የተቀጠለበት ላይ ቆሙ፣ ዳበሱት። ቀጨት። ወደሚቀጥለው ሄደች። ዳበሰች፣ ተወችው። ሦስተኛውን ዳበሰች፣ ቀጨት። ምንም አልጠየቀችኝም።

ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ሮጬ ደረስኩባት።

«ፉፉ፣ ታያለሽ እንዴ?»

«ከየት አምጥቼ?»

«ታዲያ አበባው በሌለበት እንዴት አወቅሽ?»

«እኔ በአበባው አውቄ አላውቅም፣ ልጄ። ዓይኔ ደህና በነበረ ጊዜም ጭጋግ ነበረ።»

«ታዲያ ለምን ስትጠይቂኝ ኖርሽ? ምን ለብሳለች እያልሽ?»

«አንቺ እንድታያት ነበራ» አለች። እንደ ተራ ነገር ነው ያለችው፣ ቀና እንኳ ሳትል። «ቀለሙን ካላየሽ በእጅ ወደ ማወቁ አትደርሺም። አሁን ነይ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ።»

እኔ ስመራት የኖርኩ መስሎኝ ነበር።

እጄን በእጇ ይዛ አገዳው ላይ አሳረፈችው። «ይሄ አቲስ ነው። ቅጠሉ እንዴት እንደያዘ ይሰማሻል? ጭራ የለውም። እናቱ አንገት ላይ እንደተጠመጠመ ልጅ ነው፣ አገዳውን በሁለት ክንዱ አቅፎታል። ደርቆም አይለቅም።» ከዚያ ሌላው ላይ አሳረፈችው። «ይሄ ጣፋጩ ነው። ቅጠሉ ጭራ አለው፣ ፈንጠር ብሎ ቆሟል። የተጣላ ዘመድ።» ዓይኔን ጨፍኜ ዳበስኩ፣ ተሳሳትኩ፣ እንደገና ዳበስኩ። ፀሐይዋ መሐል ሰማይ ስትደርስ ጣቴ ከእኔ ቀድሞ ያውቅ ጀመር። ደስ አለኝ፤ ደስ ሲለኝ የፉፉ ቃል ትዝ አለኝና ደስታዬን ደበቅሁት።

ምሳ ላይ ተሰብስበን ተቀመጥን። በሶአችንን በጨው ሻይ እያሸን ስንበላ ፉፉ ተነስታ ሄደች፣ አንድ ተክል ከነሥሩ ነቅላ ይዛ ተመለሰች። ፊቴን በሻሿ አሰረችው።

«ሰው ሁሉ ይስማ» አለች። «ይሄንን ከነገረችኝ ከእንግዲህ ከፊት የምትሄደው ሩክማ ናት።»

«ይቺ እንጭጭ?» አለች ጃሞትሪ። «አፍንጫዋን እንኳ ገና አልጠረገችም!»

«አንቺ በዕድሜሽ የጠረግሽ ጊዜ ንገሪኝ» አለች ፉፉ፣ ሴቶቹም ሳቁ። ተክሉን ጭኔ ላይ አኖረችው።

ዳበስኩት። ወዲያው ነው ያወቅሁት። ቅጠሉ ጭራ ነበረው፣ ፈንጠር ብሎ ቆሟል። ጣፋጩ።

ከሻሹ ውስጥ የፉፉ ሽታ ይመጣል፣ ሱፍና ጭስ። የካልያን ትንፋሽ ጎኔ ይሰማኛል፣ ወደ ፊት ተጠግቷል። አንድ ቃል ነው የቀረኝ። ያንን ቃል ከተናገርኩ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ይህ ሽታ ከቤታችን ይወጣል። ዝም አልኩ።

«እሺ ሩክማ?»

እጄን ከተክሉ ላይ አነሳሁ።

«አላወቅሽም?»

ጥርሴን ነከስኩ። ሴቶቹ ማንሾካሾክ ጀመሩ። ካልያን በረዥሙ ተነፈሰ።

«እንግዲያው» አለች ፉፉ ረጋ ብላ፣ «ምላስ ይንገረን።»

ተክሉን ከጭኔ አነሳችው። ሥሩን በቀሚሷ ስትጠርገው ሰማሁ፣ ሸር ሸር የሚል ድምፅ። ሁለት ጊዜ ጠረገችው። ከዚያ ድምፁ ቆመ።

ሻሹን ከፊቴ ላይ መንጭቄ ጣልኩት። ሥሩ ከንፈሯ አጠገብ ደርሷል። እጇን በሙሉ ጉልበቴ መታሁት፣ ሥሩ እየተንከባለለ ቁልቁል ወረደ።

«ጣፋጩ ነው! ፉፉ፣ ጣፋጩ ነው!»

«እናታችን ናንዳ ድረሽልን!» አለች ጃሞትሪ፣ በሶዋ ከእጇ ወደቀ።

ፉፉ የተመታ እጇን እያሻሸች ወደ እኔ አቅጣጫ ዞረች። «በምን አወቅሽ?»

«አላቀፈም» አልኩ፣ እያለቀስኩ። «ቅጠሉ አላቀፈም።»

«መቼ አወቅሽ?»

«እንደነካሁት።»

«አዎ» አለች። «እኔም እንደዚያ ነው የመሰለኝ።»

ልትነክሰው ነበር ወይስ አልነበረም፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጃሞትሪ እስክትሞት ድረስ «በልታው ነበር፣ እኔ ባልጮህ!» ትል ነበር፤ የጮኸችው እኔ ከመታኋት በኋላ ቢሆንም ማን ይናገራታል። ፉፉ የእኔንም የራሷንም እጅ በምንጩ ውሃ በአፈር ፈትጋ አጠበች። ከዚያ የእኔን ነጠላ ጫፍ ያዘች።

«በይ ቀጥዪ። ሰው ይጠብቃል።»

ከሰዓቱን ከፊት የሄድኩት እኔ ነኝ። ዳበስ፣ ቀጨት። ዳበስ፣ ትለፍ። ከኋላችን የዶማው ድምፅ ይመጣል፣ ዘር ሲራገፍ፣ አፈር ሲመለስ። ማንም ሳይሰማን «ከሄድሽ አትመለሺም» አልኳት።

ነጠላዬን ሳትለቅ ተከተለችኝ።

«ምናልባት አልመለስም» አለች። «ሥሩ ሲነቀል ዘሩን የት ነው የምናደርገው?»

«ጉድጓዱ ውስጥ።»

«እንግዲህ አንቺ እዚህ ነሽ» አለች።

እውነትም አልተመለሰችም፤ ሽቅብ ለመመለስ ጉልበቷ እስከ መኪናው መንገድ መጨረሻ እንኳ አላደረሳትም። ሐኪሙ ግን ሞራውን አንስቶላታል። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየችው የካልያንን ፊት ነው አሉ፤ «አንተ፣ ይሄ ሽበት ከየት መጣ?» ብላ ሆስፒታሉን በሙሉ አሳቀችው። የልጅ ልጇን ፊት አየች። በየዓመቱ የቆፈርነውን አቲስ በሚወርድ ሰው እልክላት ነበር፣ እሷም ተቀብላ «ሁሉም አቲስ ነው» ብላ ትልክልኝ ነበር። ሌላ መልእክት አልፈልግም ነበር።

እኔም ጉልበቴ እስኪከዳኝ ድረስ ከፊት ሄድኩ። ከዚያ ልጄ፤ ማሂማ ገና አበባው ላይ ናት።

አንዳንዴ ግን ቁጭ ስል የሚመጣብኝ የሄደችበት ጠዋት ነው። በጎቹ በረዶውን ወደምናሳልፍበት የታች መንደራችን መውረድ ጀምረዋል፣ ደወላቸው ሸለቆውን ሞልቶታል። ካልያን ዕቃዋን በቅሎ ላይ ጭኖ ጨረሰ። «በይ እማ» አላት። እኔ ወገቧ ላይ ተጠምጥሜ ፊቴን ሱፏ ውስጥ ቀብሬያለሁ። እናቴ መጣች፣ «ተይ ሩክማ፣ መንገደኛ አይያዝም» አለችኝ፤ አልሰማኋትም። ካልያን ሊያላቅቀኝ እጁን ሲዘረጋ ፉፉ ከለከለችው።

ከዚያ ልክ መስኩ ላይ እንደምታደርገው ጣቶቿን ከክንዴ ጫፍ ጀምራ ቀስ ብላ ሰደደች። ክርኔን አለፈች። ክንዴ ከወገቧ ጋር የተገጠመበት ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ዳበስ ዳበስ አደረገችው።

«ካልያን» አለች፣ ትከሻዋ እየሳቀ፣ «ይቺማ አቲስ ናት።»